ታላቅነት ይጣፍጠኝ ነበር

የእናቴ የበኩር ልጅ እኔ አይደለሁም። ከእኔ በፊት ጎንደር አጠገብ ባለችው መንደራችን አምቦበር አንድ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር፤ ዳዴ ሳይል ትኩሳት ወሰደው። ስሙ ቤታችን ውስጥ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። በቁጥር ሁለተኛ፣ በቤቱ ሥርዓት ግን አንደኛ ሆኜ አደግሁ። እስራኤል ውስጥ ባደግሁበት ሰፈር በጊቫት ኦልጋ የሚያውቁን ሁሉ «ታላቋ» ነው የሚሉኝ። ይህን ማዕረግ ለዓመታት እንደ ሸክም ሳወራው ኖሬአለሁ። ለማኅበራዊ ሠራተኞች፣ ለባለቤቴ፣ በየስብሰባው ለማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ «ልጅነቴን ሳላየው አለፈ፣ ገና በልጅነቴ የቤተሰብ ኃላፊ ሆንኩ» እያልኩ ብዙ ሰው አስለቅሻለሁ። ያልኩት ውሸት አይደለም፤ ግማሽ ነው። የቀረውን ግማሽ አሁን ልናዘዝ። ያ ሸክም ይጣፍጠኝ ነበር። ማንም እንዲያወርድልኝ አልፈለግሁም። ሒሳቡን የከፈሉት ደግሞ በአመዛኙ ታናናሾቼ ናቸው።

ቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ነን፤ ወደ እስራኤል የመጣነው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው)። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስራኤል ገባ፤ አንዱ ጃምቦ ብቻውን ከ1,000 በላይ ሰው ጫነ። ስለዚያ ጉዞ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የምጨምረው የለኝም። የአምስት ዓመቱ ወንድሜ እጄን ይዞ ነበር፤ እናቴ «እሱን እንዳትለቂ» አለችኝ፤ አልለቀቅሁትም።

መጀመሪያ ሆቴል፣ ቀጥሎ ካራቫን፣ ከዚያ መንግሥት ለኢትዮጵያ ስደተኞች በሰጠው ልዩ ብድር ኻዴራ ላይ ቤት ተገዛልን። አባቴ ከተማውን የወደደው በባሕር ዛፉ ነው። ኻዴራ በ1891 ስትቆረቆር ረግረግ ነበረች፤ ወባ የመጀመሪያዎቹን ሰፋሪዎች ፈጃቸው፤ ውኃውን እንዲመጥ ባሕር ዛፍ ተከሉ። አባቴ ይህን ታሪክ ሳያውቅ ገና ከመኪናው እንደወረደ ቅጠል በጥሶ አሽቶ አሸተተና «አገር ነው» አለ። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከኦልጋ ኻንኪን ነው፤ አዋላጅ ነበረች፣ ባሏም የዚህን አካባቢ መሬት የገዛው ሰው ነው። የስንቱን ሰው ልጅ ስታዋልድ ኖራ የራሷ ልጅ አልነበራትም። እኔ ይህን ሳውቅ ብዙ ዓመት አልፎኝ ነበር፤ ሳውቅ ግን የሰፈሩ ስም ለእኔ የወጣ መሰለኝ።

አባቴ አገር ቤት ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻና ማጭድ ይሠራል። እዚህ ወረቀት ፋብሪካ ገባ፤ የሌሊት ፈረቃ። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ እዚህ የጽዳት ሥራ ያዘች። ሁለቱም ኡልፓን ገብተው ዕብራይስጥ ቢማሩም ከሰላምታና ከገበያ አላለፈላቸውም። እኔ በዓመቱ አፌን ፈታሁ። ባንክ፣ ኩፓት ሆሊም (የጤና መድን)፣ ቢቱዋኽ ሌኡሚ (ብሔራዊ መድን)፣ የመብራት ሒሳብ፣ ሁሉም ዘንድ የምሄደው እኔ ሆንኩ።

ከሁሉ የማልረሳው የደብዳቤውን ሰዓት ነው። አባቴ ቀን ተኝቶ ሲነሣ፣ እናቴ ቡና ስታፈላ፣ የሳምንቱ ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ይዘረገፋል። አንዱን አነሣለሁ፤ ጠርዙን በቢላ እቀዳለሁ፤ ከዚያ በልቤ አነበዋለሁ። ጮክ ብዬ አይደለም፣ በልቤ። ያን ጊዜ ቤቱ ጭጭ ይላል። አባቴ ስኒውን ከአፉ ሳያደርስ ይዞት ይቀራል። እናቴ ፊቴን ታያለች፤ ግንባሬን ከቋጠርኩ እሷም ትቋጥራለች። አንዳንዴ ደብዳቤው ተራ ማስታወቂያ መሆኑን ገና ከመጀመሪያው መስመር አውቄ እስከ ታች ያነበብኩ መስዬ እቆያለሁ። ወንድሜ «ምን ይላል? ምን ይላል?» ሲል «ዝም በል፣ እያነበብኩ ነው» እለዋለሁ። ያ ዝምታ የእኔ ነበር። ከክፍሌ ልጆች የማንም አባት ትንፋሹን ውጦ የልጁን ፊት አይጠብቅም፤ የእኔ አባት ይጠብቃል።

በኋላ ከቤተሰቦች ጋር የመሥራት ሙያ ውስጥ ስገባ ይህ ነገር የተጠና መሆኑን ተማርኩ። የሃንጋሪ ተወላጁ የሥነ አእምሮ ሐኪም ኢቫን ቦሶርሜኒ ናጅ ልጅ የወላጅን ቦታ ሲይዝ ምን እንደሚሆን ብዙ ጽፏል። እሱ እንደሚለው ልጁ መሥራቱ ብቻውን ጉዳት አይደለም፤ ጉዳቱ ሥራው ሳይታይለት፣ ሳይቆጠርለት ሲቀር ነው። ሳነበው ተደሰትኩ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። የእኔ ሳይቆጠር የቀረበት ቀን የለማ! እናቴ ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለቄሶቹ ሳይቀር «ይህች ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?» ስትል ነው ያደግሁት። ኤሚ ዌርነር የተባለች ተመራማሪ ደግሞ በ1955 በሃዋይዋ ካዋይ ደሴት የተወለዱ 698 ልጆችን እስከ ጉልምስናቸው ተከታትላለች። ድህነትና ችግር ከከበባቸው መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ጤነኛና ብርቱ ሰው ሆነው ወጡ፤ ከረዷቸው ነገሮች አንዱ በልጅነት ለቤተሰብ የሚያስፈልግ ሥራ መያዝ፣ ታናናሾችን መንከባከብ ነበር። እንግዲህ በሁለቱም ሚዛን እኔ ዕድለኛ ነኝ። ስለ እኔ ያለቀሱልኝ ሰዎች እንባቸውን ያባከኑት እንባ ለማያሻት ልጅ ነው።

ወንድሜ ሁለተኛ ክፍል ሳለ እናቴ ለወላጆች ስብሰባ ተጠራች። ሁልጊዜ እንደሚሆነው በመካከል የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ግቢው ውስጥ ኳስ ይመታል። አስተማሪዋ ደብተሩን ገልጣ እያሳየች በደስታ ነበር የምትናገረው። ልጁ ጭንቅላት አለው፤ በሒሳብ ከክፍሉ የሚደርስበት የለም፤ የሚረብሸው ሥራው ቀልሎት ሲሰለቸው ነው፤ ከበድ ያለ እሰጠዋለሁ አለች። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ትምህርቱ ደህና ነው፤ ግን ይረብሻል ትላለች» አልኳት።

ከአፌ የወጣው ሁሉ አስተማሪዋ ያለችው ነው፤ አንድም የፈጠርኩት የለም። ግን ያን ቀን እናቴ ይዛው የገባችው ልጅና አስተማሪዋ የሰጠቻት ልጅ አንድ አልነበሩም። ለምን አደረግሁት? ደክሞኝ ነበር ብዬ ራሴን ሳባብል ቆይቻለሁ። እውነቱ ግን ቤታችን ውስጥ ጭንቅላት ያላት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሁለተኛ እንዲኖር አልፈለግሁም። በሌላ ቀን መስኮት ሰብሮ የተላከበትን የማስጠንቀቂያ ወረቀት «የትምህርት ቤት ሽርሽር አለ» ብዬ አስፈርሜ መልሼለታለሁ። የምሰርቀውም የምሸፍንለትም እኔው ነበርኩ። ስሙ በእናቴ ዘንድ ከፍና ዝቅ የሚለው በእኔ ምላስ ነው፤ እሱም ይህን ሳያውቅ አልቀረም፤ ኬክ ሲደርሰው ግማሹን ለእኔ ያመጣ ነበር።

አልወደውም ነበር ማለት አይደለም። እንግሊዛዊቷ ጁዲ ደን ከባልደረባዋ ካሮል ኬንድሪክ ጋር ካምብሪጅ ውስጥ ሁለተኛ ልጅ የሚጠብቁ ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ተከታትላ በ1982 መጽሐፍ አወጣች። እናትየው ስለ ጨቅላው ለታላቁ ስታወራ እንደ ሰው፣ ፍላጎትና ስሜት እንዳለው አድርጋ ካወራች፣ ልጆቹ በኋላ ይበልጥ ይዋደዳሉ። እናቴ ፊደል ያልቆጠረች የአምቦበር ሴት ናት፤ ወንድሜን ስትወልድ ግን ያደረገችው ልክ ይህንኑ ነው። «እይው፣ አንቺን ነው የሚያይ። ርቦት ነው እንጂ ክፉ ሆኖ አይደለም የሚያለቅስ» ትለኝ ነበር፤ እኔም በዚያው ወደድኩት። ደን እንዳየችውም ፍቅሩና ቅናቱ እዚያው አንድ ልጅ ውስጥ አብረው ያድራሉ፤ አንዱ ሌላውን አያስወጣውም።

ስለ ታላቅና ታናሽ የሚወራው አብዛኛው ወሬ ነው። ታላቅ ቁምነገረኛ፣ መካከለኛ ተረስቶ የቀረ፣ ትንሽ ሞልቃቃ የሚባለው ነገር በ2015 አሜሪካን፣ እንግሊዝንና ጀርመንን ይዞ ከ20,000 በላይ ሰዎች ላይ ሲፈተሽ ጠባይን በተመለከተ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። የተገኘው በአእምሮ ፈተና ላይ ትንሽ ብልጫ ብቻ ነው፤ ለታላቆች። በ2007 ፔተር ክሪስተንሰንና ቶር ብየርከዳል የተባሉ ኖርዌያውያን ወደ 240,000 የሚጠጉ የጦር ምልምሎችን ውጤት መርምረው ይህንኑ ብልጫ አገኙ፤ በአንደኛና በሁለተኛ ልጅ መካከል ከሁለት ነጥብ ትንሽ ያለፈ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሁለተኛ ሆነው ተወልደው ታላቃቸው በጨቅላነቱ የሞተባቸውን ለይተው ሲያዩ፣ ውጤታቸው እንደ በኩር ልጆች ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ማኅፀን ውስጥ ሳይሆን ቤት ውስጥ፣ በያዙት ቦታ ነው ማለት ነው። ያን ከእኔ በፊት የሞተውን፣ ስሙ የማይነሣውን ልጅ አሰብኩት። እሱ ቢኖር ፖስታውን የሚቀደው እሱ ነበር።

ቦታው ምን ይሰጣል ቢሉ፣ ሮበርት ዛዮንስ በ1975 ከግሪጎሪ ማርከስ ጋር ባቀረበው ሐሳብ አንዱ መልስ አለ፤ ታላቅ ታናሹን ሲያስተምር የሚማረው ራሱ ነው፤ የመጨረሻው ልጅ ግን የሚያስተምረው የለም። የእኛ ቤት ደግሞ ታናናሾቼን ብቻ ሳይሆን እናትና አባቴንም ለእኔ ተማሪ አድርጎ ሰጠኝ። ከባንክ ሠራተኛ ጋር የተከራከረች ልጅ ፈተና ላይ ምን ያስፈራታል? የዚህ አገር ሰው የሚያደንቅልኝ ንግግር የተሳለው በእነሱ ዝምታ ላይ ነው።

ወንድሜ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው ሰፈር ውስጥ ከማይሆኑ ልጆች ጋር መዋል ጀመረ። የትምህርት ቤቱ አማካሪ እናቴን ጠርታ ፕኒሚያ (አዳሪ ትምህርት ቤት) ቢገባ ይሻላል አለች። ይህ ለእኛ ሰው አዲስ አልነበረም፤ በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል ከመጡት ወጣቶች አብዛኞቹ ዓሊያት ሃኖዓር በተባለው የወጣቶች ድርጅት በኩል በየአዳሪ ትምህርት ቤቱ ገብተዋል፤ ብዙ እናቶችም ልጃቸው በሻባት (በሰንበት) ሲመጣ እንግዳ ሆኖባቸው ቀርቷል። እናቴ እንደ ልማዷ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ምን ትያለሽ?» አለችኝ።

የባግሩት (የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ) ፈተናዬ ደርሶ ነበር። የምንተኛው ሦስታችንም በአንድ ክፍል ነው፤ እሱ ሙዚቃ ይከፍታል፣ ትንሿ እህታችን ታለቅሳለች። አማካሪዋ ሌላ ምርጫም ጠቅሳ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ውስጥ የሚሰጥ ድጋፍ። እሱን አልተረጎምኩትም። «ይሂድ» አልኩ። እናቴ የት እንደምትፈርም በጣቴ አሳየኋት።

ማታ አባቴ ሰማ። አባቴ ቁጣ አያውቅም። ወደ ሥራ ለመውጣት ጫማውን እያሰረ «ልጄን ማንን ጠይቃችሁ ሰጣችሁ?» አለ። እኔም «አባዬ፣ የዚህ አገር ሕግ ነው፤ እምቢ ማለት አይቻልም» አልኩት። እንዲህ ያለ ሕግ የለም። አባቴ የብረትን ነገር እንጂ የዚህን አገር ሕግ ከእኔ በቀር የሚነግረው አልነበረውም። ጫማውን አስሮ ወጣ።

ይህን ከተናዘዝኩ ዘንድ ታሪኩ እንደሚጠበቀው አለማለቁንም ልናገር። ወንድሜ አልተበላሸም። ፕኒሚያው ተስማማው፤ ከዚያ ወታደር ሆነ፤ ዛሬ ኢንጂነር ነው። ከዓመታት በኋላ ለስግድ በዓል ኢየሩሳሌም ወጥተን ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ራሴን አረጋግቼ «ስለ ፕኒሚያው ተቀይመኸኛል?» አልኩት፤ በዕብራይስጥ ነው የምናወራው። ሳቀ። «እዚያ ትንንሾቹ ልጆች ይከተሉኝ ነበር፤ የቤት ሥራ የማሠራቸው እኔ ነበርኩ። እዚያ ደግሞ የሚናገርልኝ ሰው አልነበረም። የምፈልገውን ራሴ ተናግሬ አገኘሁ» አለኝ። በምስጋና ነበር የተናገረው። ሂዶ ታላቅ የሚሆንበት ቤት አገኘ ማለት ነው፤ የእኛ ቤት ውስጥ ያ ቦታ በእኔ ተይዞ ነበር። ስለ አማካሪዋ ሁለተኛ ምርጫና ለአባቴ ስለነገርኩት ሕግ ያን ቀንም አልነገርኩትም።

ስለ እናቴ ሳስብ ለረጅም ጊዜ ያልገባኝ ነገር ነበር። እጇ ወርቅ ነው፣ አንደበቷም አይታማም፤ ታዲያ ለምን ሁሉንም ነገር ለእኔ ተወችው? ዕብራይስጥ ስለማትችል ነው እል ነበር። መልሱ በ2000ዎቹ አጋማሽ ከጎንደር መጣ። የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ በልጅነቷ እናቷን አጥታ ያሳደገቻት ይህች እህቷ ናት፤ በጀርባዋ አዝላ፣ ጭቃ ማቡካትና ምጣድ መተኮስ አስተምራ። ቶማስ ዋይዝነርና ሮናልድ ጋሊሞር በ1977 የብዙ ሕዝቦችን አኗኗር አገላብጠው እንዳሳዩት፣ በአብዛኛው ዓለም ሕፃን የሚያድገው በታላላቆቹ ጀርባ ላይ ነው፤ ይህ ለእኛ ዜና አይደለም። አክስቴ ያገባችው ግን አያቶቹ ክርስትና የተነሡ ሰው ነበርና በ1991 ከተጓዦቹ ዝርዝር ውጭ ሆነች። እህትማማቾቹ ተለያዩ። አክስቴ ጎንደር ላይ ስትጠብቅ ዓመታት አለፉ።

መጥታ ኻዴራ ከእኛ ጋር መኖር በጀመረች በሳምንቱ ቤቱ ተቀየረ። እናቴ ጎመን ስትገዛ ሳይቀር «እታለም፣ ይህን ልውሰድ?» ማለት ጀመረች። አክስቴ ዕብራይስጥ አንድ ቃል አታውቅም። የአውቶቡስ ቁጥር አታውቅም። እናቴ ግን የባንክ ብድር ነገር ሲነሣ እኔን አስተርጉማ ሰማችኝና ዞራ እሷን አየች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እናቴ ከእኔ የፈለገችው ቋንቋ ብቻ አልነበረም። ዕድሜዋን በሙሉ ታናሽ ነበረች፤ ታላቋ ስትጠፋባት ታላቅ ፈለገች፤ ቤቱ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። ያደግሁት እንደ እናቴ ልጅ ሳይሆን እንደ አክስቴ ምትክ ነው።

አንድ ቀን እናቴን ስለ መድኃኒቷ ስቆጣት አክስቴ ስፌቷን አስቀምጣ «አንቺ፣ ይህች ልጅሽ ናት አማትሽ?» አለቻት። እናቴ እስኪያማት ሳቀች። እኔ ኩሽና ገብቼ ሰሐን አጠብኩ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ ሥራ አለኝ፤ ደረቴ ውስጥ የሚነደው ግን አዲስ ሕፃን ቤት የገባባት የሦስት ዓመት ልጅ ቅናት ነበር። አልፍሬድ አድለር ታላቅ ልጅ ታናሽ ሲወለድበት ከዙፋኑ ይወርዳል ይላል። አድለር ራሱ ሁለተኛ ልጅ ነው፤ ከሲግመንድ ፍሮይድ ጋር ተጣልቶ የወጣው ይህ ሰው የታላቅ ወንድሙም ስም ሲግመንድ መሆኑ ባስታወስኩት ቁጥር ያስቀኛል። እኔን ከዙፋኔ ያወረደችኝ ግን ጥርሷ የረገፈ አሮጊት ናት።

ታናሽ እህቴ የተወለደችው እዚሁ፣ ሂሌል ያፌ ሆስፒታል ነው። ስለ እሷ ማውራት ስለሚከብደኝ ወደ መጨረሻ ገፋኋት። የመጀመሪያ ቃሏ ዕብራይስጥ ነበር፤ ከእኔና ከወንድሜ የለቀመችው። ይህ የሁሉም ስደተኛ ቤት ታሪክ ነው። ኬሊ ብሪጅስና ኤሪካ ሆፍ በ2014 አሜሪካ ውስጥ ስፓኒሽ በሚነገርባቸው ቤቶች እንዳጠኑት፣ ትምህርት ቤት የገባ ታላቅ ያላቸው ሕፃናት የአገሩን ቋንቋ ቤታቸው ውስጥ ይበልጥ ይሰማሉ፤ ዕቃውን ተሸክሞ በበሩ የሚያስገባው ታላቅየው ነው። እኔም ተሸክሜ አስገባሁት። ከአማርኛ የምታውቀው «ነይ፣ ብዪ፣ ተኚ፣ ተይ» የሚለውን ነው። ልጅ ሳለች አባቴ በስግድ ሰሞን ስለ አምቦበር ሊነግራት ይጀምር ነበር፤ እኔ እተረጉማለሁ። እሱ ወንዙን፣ የወናፉን ድምፅ፣ የአያቷን አነጋገር እየቆጠረ ብዙ ያወራል፤ እኔ «አባዬ ድሮ ብረት ይሠራ ነበር» እላታለሁ። ቸኩዬ ነው፤ ሥራ አለብኝ። እሱም ፊቷን ያያል፤ የነገራት ነገር ፊቷ ላይ የለም። ቀስ በቀስ ማውራቱን ተወው። ዛሬ እህቴ «አባታችን ዝምተኛ ሰው ነው» ትላለች። አባቴ ዝምተኛ አልነበረም።

ዛሬ የምሠራው መገሸሬት ሆኜ ነው፤ በትምህርት ቤቶችና በኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች መካከል የሚቆም ሰው። በልጅነቴ በነፃ ያደረግሁትን አሁን በደመወዝ አደርገዋለሁ። ለወላጆች የምነግራቸው የመጀመሪያ ነገር ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፣ ወላጅ ሲጠራ እኔን ጥሩኝ የሚል ነው። ትክክል ነው፤ አሁንም አምንበታለሁ። በቀደም ግን አንድ ስብሰባ ላይ ከጎንደር በቅርብ የመጣች እናት አሥራ አንድ ዓመት የሚሆናትን ልጇን ይዛ መጣች፤ ጉዳዩ የትንሹ ልጅ ነው። ልጅቷ ወንበሯን ስባ በእናቷና በአስተማሪዋ መካከል አስቀመጠች። እኔ በለሰለሰ ድምፅ «የኔ ቆንጆ፣ ዛሬ አንቺ ዕረፊ፣ እኔ እናገራለሁ» አልኳት። አላመሰገነችኝም። አይኗን ጥላብኝ ቁጭ አለች። ስብሰባው ሲጋመስ አንድ ነገር ስተረጉም አቋርጣኝ፣ ጮክ ብላ፣ ጥርት ባለ የጎንደር አማርኛ «እንዲህ አላለችም፤ ጎበዝ ነው ነው ያለች፤ አሳንሰሽ ነገርሻት» አለች።

እውነቷን ነበር። ድካም ይሁን ልማድ እንጃ፣ የሌላ ልጅ ምስጋና ከአፌ ሲወጣ አሁንም ያንሳል።

ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ እየጠበቀ ነበር። ሲወጡ እጁን ያዘችውና አስተማሪዋ ያለችውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረችው። እንግዲህ ሁሉም ታላቅ እንደ እኔ አይደለም።

ይህን የጻፍኩት በአማርኛ ነው። ፊደል የለመድኩት አዲስ አበባ ተራ ስንጠብቅ ነው፤ በኋላ ለሥራዬ ብዬ አሻሻልኩት። በዕብራይስጥ ብጽፈው ይቀለኝ ነበር። ግን በዕብራይስጥ ወንድሜ ያነበዋል፤ እህቴም። አማርኛ ሁለቱም አያነቡም። እናቴና አባቴ ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ አያነቡም። ስናዘዝ እንኳ ቤተሰቤ ያለ እኔ ሊያነበው የማይችለውን ቋንቋ ነው የመረጥኩት። ትናንት ማታ እህቴ መጥታ በትከሻዬ በኩል አየችና ምን እየጻፍኩ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የሥራ ሪፖርት ነው አልኳት።